የንባብ ቤታችሁ በር ለጤና ትምህርት ይከፈት

የእርዳታ ገንዘብ ያልቃል፤ የተማሩት ግን አያልቅም



ፊደል ለይታችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለውን ጽሑፍ ታነባላችሁ፤ ሚዛን ላይ ያለውን ቁጥርም ማንም አያታልላችሁም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ግን አንድ ሌላ ጥያቄ እንጠይቃችሁ። የምትጠጡት ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ?

«ውሃ ውሃ ነው፤ ምን ይኖረዋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ የልጆቻችሁን ጥርስ ተመልከቱ። ከአዳማ እስከ ወንጂ፣ ከሞጆ እስከ መቂ፣ ከዝዋይ እስከ ቡልቡላ ባለው የስምጥ ሸለቆ ምድር ብዙ ልጆች ጥርሳቸው ቡናማ ነው። አንዳንዱ ልጅ ያፍራል፤ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። ምክንያቱን ያልተማረ ሰው «በዘር የመጣ ነው» ይላል። ሌላው «ጥርሱን አይፍቅም» ብሎ ልጁን ይቆጣል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ምክንያቱ ከጉድጓዱ ውሃ ውስጥ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናወራው ስለ ሦስት ነገሮች ነው። አንደኛ፣ ስለዚህ ውሃ። ሁለተኛ፣ ይህን የመሰለ የጤና ትምህርት በንባብ ቤትና በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዴት እንደሚሰጥ። ሦስተኛ፣ ለዚህ ሥራ የእርዳታ ገንዘብ ከየት እንደሚገኝና እንዴት እንደሚያዝ።

በውሃው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ስሙ ፍሎራይድ ነው። ከድንጋይ የሚወጣ ንጥረ ነገር ነው። የስምጥ ሸለቆ አለት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ በዚህ አለት ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱን እያጠበ ይወስዳል። ፍሎራይድ አይታይም። አይሸትም። ውሃው ኩልል ብሎ ጠርቶ እያለ በውስጡ ሊኖር ይችላል።

ፍሎራይድ በጥቂቱ ሲሆን ጥርስን ያጠነክራል። ሲበዛ ግን ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ያስቀመጠው ልክ በአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ነው። 1 ሚሊ ግራም ማለት 1 ግራም ለ1,000 ሲካፈል ከሚገኘው አንዱ እጅ ነው። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው ሰውን የሚጎዳው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ ልክ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፍሎራይድ ያለባቸው ጉድጓዶች አሉ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የሸለቆውን የውሃ ምንጮች መርምረው ውጤቱን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 አሳትመዋል። እንግዲህ ነገሩ ለሊቃውንቱ አዲስ አይደለም። ለገበሬው ቤት ግን ገና በደንብ አልደረሰም።

ጉዳቱ በሁለት ዓይነት ይመጣል።

የመጀመሪያው በጥርስ ላይ ነው። የልጅ ጥርስ ከድድ በታች ሆኖ ገና ሲሠራ ፍሎራይድ ካገኘው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ይህ የሚሆነው ከልደት እስከ 8 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም።

ሁለተኛው በአጥንት ላይ ነው። ይህኛው የሚመጣው ፍሎራይድ የበዛበትን ውሃ ለብዙ ዓመታት በጠጣ ሰው ላይ ነው። አንገት ይደርቃል። ወገብ አልታጠፍ ይላል። በመጨረሻ ሰውየው ጎብጦ ወይም ደርቆ ይቀራል። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። በወንጂና በሸዋ የሸንኮራ እርሻ የጉድጓድ ውሃ እየጠጡ ረጅም ዓመት ባገለገሉ ሠራተኞች ላይ ይህ በሽታ ታይቷል፤ በሐኪሞችም ተጽፏል። መድኃኒት የለውም። ያለው መንገድ አስቀድሞ መከላከል ብቻ ነው። አባቶቻችን «ከታመሙ በኋላ ከመማቀቅ፣ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

አሁን ልብ በሉ! ውሃ ማፍላት ጥሩ ነው፤ ተዋህሲያንን ይገድላል። ፍሎራይድን ግን አያጠፋም። እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲቀንስ ፍሎራይዱ በቀረው ውሃ ላይ ይከማቻል። ክሎሪን ወይም ውሃ አጋር መጨመርም ፍሎራይድን አያወጣም። ስንት እናት ነች ልጄን አዳንኩ ብላ ይህንኑ ውሃ አፍልታ የምታጠጣው? ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የነገራት የለም። የጤና ትምህርት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለምን በንባብ ቤት?

«የጤና ኬላ አለን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም አለችን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሴት ሠራተኞችን አሰልጥኖ በየቀበሌው አሰማርቷል። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ናቸው። ሁለት ሰው ግን ስንት ቤት ማንኳኳት ይችላል? ክትባት አለ፣ እርጉዝ አለች፣ ወባ አለ። የሰሙትን ደግሞ የሚያነቡበት፣ ያልገባቸውን የሚጠይቁበት ቦታ ያስፈልጋል። ያ ቦታ ንባብ ቤት ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የተማረው ያልተማረውን ያስተምር ተብሎ ነበር። ትምህርቱ በጥቂት ቋንቋዎች ተጀምሮ ኋላ 15 ደረሰ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝታለች። ፊደል የለየው ሰው እንዳይረሳ በየገበሬ ማህበሩ ንባብ ቤት ተሠራ። ብዙውን ጊዜ እንጨቱን ያመጣው፣ ጭቃውን ያቦካው ገበሬው ራሱ ነው። ስለ እርሻ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጤና የሚያስተምሩ ትናንሽ መጻሕፍትም ይላኩ ነበር። ኋላ ግን አዲስ መጽሐፍ ተቋረጠ፤ የሚጠብቀው ሰው ጠፋ፤ ብዙዎቹም ተዘጉ። ቤቱን የሠራው ጉልበት ነበር። ቤቱን ሊያቆየው የሚችለው ግን በየዓመቱ የሚመጣ መጽሐፍና በየሳምንቱ በሩን የሚከፍት ሰው ነበር። ይህን አትርሱ፤ ስለ ገንዘብ ስንናገር እንመለስበታለን።

አንድ ነገር እንጨምር። በዘመቻው ጊዜ ኦሮምኛ የተማሩ ሰዎች በግዕዝ ፊደል ነው የተማሩት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ የሚጻፈው በቁቤ ነው። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ አያት በግዕዝ ፊደል ያነባል፤ የልጅ ልጅ በቁቤ ያነባል። አያት የልጁን መጽሐፍ አያነብም፤ ልጁም የአያቱን አያነብም። ንባብ ቤት ሁለቱን ማገናኘት ይችላል። ልጁ የቁቤውን የጤና መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ አያት ይስማ፣ ይጠይቅ። ይህ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም።

እርዳታ ማለት ምን ማለት ነው?

እዚህ ላይ የምንለው እርዳታ ለአንድ ለታወቀ ሥራ የሚሰጥ፣ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ብድር አይደለም። ወለድ የለውም። ነገር ግን ነፃ ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። ሒሳብ ይጠየቅበታል። ለተባለው ሥራ ካልዋለ ይመለሳል፤ ሁለተኛም አይሰጥም።

በሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት በዚህ ገንዘብ ለጤና ምን እንደሠሩ እንንገራችሁ። በሰሜን ጋና ታማሌ የምትባል ከተማ አለች። በዚያ የሚገኘው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ኢ.አይ.ኤፍ.ኤል. ከተባለ የቤተ መጻሕፍት ድርጅት አነስተኛ እርዳታ አገኘ። ቤተ መጻሕፍቱ ከጤና ሠራተኞችና ከአገር ውስጥ ማህበር ጋር ተባብሮ ለነፍሰ ጡር እናቶች በእጅ ስልክ የጤና ምክር እንዲደርሳቸው አደረገ። ልብ በሉ፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሐኪም ልሁን አላለም። ሐኪሙ የሚያውቀውን እናቲቱ ዘንድ አደረሰ። በአሜሪካም ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ለትናንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለጤና ትምህርት የሚሆን ገንዘብ ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ ቆይቷል። ሐሳቡ አንድ ነው። ሕዝቡ የሚያምነው፣ በሩ ለሁሉ የተከፈተ ቤት ካለ ትምህርቱ በዚያ ይሰጥ ነው።

በአገራችንም ኤምባሲዎች ለኅብረተሰብ ሥራ አነስተኛ እርዳታ ይሰጣሉ። ለምሳሌ የጃፓን መንግሥት በየአገሩ ባሉት ኤምባሲዎች በኩል የሚሰጠው እርዳታ እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረ ነው። ይህ እርዳታ ለግለሰብ አይሰጥም። ለደመወዝም አይሰጥም። ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለውሃ እና ለመሳሰሉት ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ጠያቂው «ቤቱ ከተሠራ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ወጪውን ማን ይችላል?» ለሚለው መልስ ይዞ መቅረብ አለበት።

ከዋዮ ገብርኤል የምንማረው

አሁን ወደ ራሳችን ሸለቆ እንመለስ። ዋዮ ገብርኤል በምትባል የስምጥ ሸለቆ መንደር ፍሎራይድ የሚያጣራ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ሥራውን ከያዙት አንዱ ኦሾ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የኦሮሞ ራስ አገዝ ድርጅት ነው። ገንዘብና ዕውቀት ያዋጡት ሄክስ የተባለ የስዊዘርላንድ የእርዳታ ድርጅትና ኤዋግ የተባለ የዚያው አገር የውሃ ምርምር ተቋም ናቸው። ማጣሪያው የሚሠራው በአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር በማይበዛበት ምድጃ በከፍተኛ ሙቀት ይቃጠላል፤ ይጠቁራል፤ ይፈጫል። ውሃ በዚያ ውስጥ ሲያልፍ ፍሎራይዱ በከሰሉ ላይ ይጣበቃል።

ብልሃቱ ጥሩ ነው። ግን ሁለት ነገር አለው። አንደኛ፣ ከሰሉ ከጊዜ በኋላ ይጠግባል፤ ከዚያ ወዲያ አይዝም። መለወጥ ወይም መታደስ አለበት። መጥገቡን በዓይን ማወቅ አይቻልም፤ ውሃው መመርመር አለበት። ሁለተኛ፣ ሰው ሊጠቀምበት ይገባል። የስዊዘርላንዱ ተቋም ተመራማሪዎች ሰዎች የተጣራውን ውሃ ለምን እንደሚቀዱና ለምን እንደሚተዉት አጥንተዋል። ያገኙት መልስ ለእናንተ አዲስ አይሆንም። ሰው ዋጋውን ያስባል። ጣዕሙን ይመለከታል። ጎረቤቱ ይቀዳል አይቀዳም ብሎ ያያል። የበሽታውን ነገር በልቡ አምኖ ካልተቀበለ ባልዲውን ይዞ ወደ ለመደው ጉድጓድ ይሄዳል።

«በአጥንት የተጣራ ውሃ ለጾም ይሆናል ወይ? ሐላል ነው ወይ?» የሚልም ይኖራል። ጥያቄው የሚገባ ነው። ቄሱንም ሼኩንም በአንድ ቀን ንባብ ቤት ጋብዛችሁ፣ አጥንቱ የምን እንደሆነ ነግራችሁ፣ በሰው ፊት መልስ ጠይቁ። በሹክሹክታ የቀረ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ማጣሪያ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

እንግዲህ ገንዘብ መሣሪያ ይተክላል። መሣሪያውን የሚያኖረው የተማረ ሰው ነው።

ገንዘቡ ሲቆምስ?

በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ድንገት አቆመ። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውላቸው በኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር እንዲቋረጥ ተደረገ። ገንዘቡን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ሲሰጥ የነበረው ድርጅትም በሰኔ 2017 ዓ.ም. ተዘጋ። ከባሕር ማዶ የተወሰነ አንድ ውሳኔ እኛ መንደር ድረስ ይደርሳል ማለት ነው።

ታዲያ እርዳታ አንጠይቅ? እንጠይቅ እንጂ! ግን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የተባለውን እናስታውስ። እርዳታ ሲቆም አብሮ የሚቆም ነገር በእርዳታ አይጀመር። የሚቀር ነገር ይገዛበት። መጽሐፍ ይቀራል። ሥዕል ይቀራል። የሠለጠነ ሰው ይቀራል። ውሃው የተመረመረበት ወረቀት ይቀራል።

እርዳታ እንዴት ይጠየቃል?

1ኛ. ችግሩን በቁጥር እወቁ። ከወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ «የጉድጓዳችን ፍሎራይድ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልተመረመረ ይመርመርልን በሉ። ቁጥሩን በንባብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት።

2ኛ. ኮሚቴ ምረጡ። አምስት ሰው ይበቃል። ሴቶች ይኑሩበት፤ ውሃ የምትቀዳው፣ ልጅ የምታጠጣው እሷ ናትና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና አንድ መምህር ቢጨመሩ መልካም ነው።

3ኛ. ገንዘቡ በማን ስም እንደሚገባ ወስኑ። በግለሰብ ኪስ አይገባም። በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ በኅብረት ሥራ ማህበር ወይም በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት በተመዘገበ ማህበር ስም የባንክ ሒሳብ ይከፈታል። የሚፈርሙት ከአንድ ሰው በላይ ይሁኑ።

4ኛ. የራሳችሁን መዋጮ አስቀድሙ። ጉልበት፣ እንጨት፣ ድንጋይ፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው። ሰጪው መጀመሪያ የሚያየው እናንተ ምን እንዳደረጋችሁ ነው።

5ኛ. ማመልከቻውን አሳጥሩ። ችግሩ ምንድን ነው? ምን እንሠራለን? ስንት ሰው ይማራል? ስንት ብር ያስፈልጋል? ገንዘቡ ሲያልቅ ማን ይቀጥላል? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የመለሰ ወረቀት ይበቃል።

6ኛ. ሒሳቡን በአደባባይ አንብቡ። በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው ጮክ ተብሎ ይነበብ። አሁን ሁላችሁም ቁጥር ታውቃላችሁ፤ ሁላችሁም ተቆጣጣሪ ናችሁ።

ገንዘቡ እንዴት እንደሚከፋፈል በቀላል ሒሳብ እንመልከት። ለምሳሌ ያህል 100 ብር አገኘን እንበል።

ለመጻሕፍትና ለሥዕል (በአማርኛና በቁቤ) 40 ብር
ለወንበር፣ ለጠረጴዛና ለፀሐይ መብራት 20 ብር
ለሚያስተምሩ ሰዎች ሥልጠናና መጓጓዣ 15 ብር
ውሃ ለማስመርመር 10 ብር
ለጥገና የሚቀመጥ 10 ብር
ለመዝገብና ለጽሕፈት መሣሪያ 5 ብር
ድምር 100 ብር

ገንዘቡ 100 ሺህ ብር ቢሆንም መንገዱ ይኸው ነው፤ በየቁጥሩ ፊት ሺህ መጨመር ነው። ለጥገና የሚቀመጠውን 10 ብር ማንም እንዳይነካው። ብዙ የመንደር ሥራ የሚሞተው በዚች በጎደለች 10 ብር ነው።

በዓመት ውስጥ ምን እንማር?

ገበያ በሌለበት ቀን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከመስከረም እስከ ኅዳር ስለ ወባ ተማሩ። ዝናቡ ሲያበቃ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ደግሞ አዲስ ዓይነት የወባ ትንኝ መጥታለች። እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሐር ተገኘች፤ ኋላ በድሬዳዋና በአዋሽ ሰባት ኪሎም ታየች። ይህች ትንኝ በበርሜልና በሲሚንቶ ገንዳ ባለ ንጹሕ ውሃ ውስጥም ትራባለች። ስለዚህ ረግረግ ማድረቅ ብቻ አይበቃም፤ በርሜሉም ይከደን።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ስለ ውሃና ስለ ፍሎራይድ ተማሩ። በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ፍሎራይዱ ያነሰ ውሃ ከየት እንደሚገኝ ተወያዩ። የአዳማ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ከአዋሽ ወንዝ ተጣርቶ የሚመጣ ውሃ ነው። የወንዝ ውሃ ተዋህሲያን ስላለበት ሳይታከም አይጠጣም። ከንጹሕ ቆርቆሮ ጣራ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነው። እሱን ደግሞ ከድኖ ማስቀመጥና አፍልቶ መጠጣት ይገባል።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለ እናቶችና ስለ ሕፃናት ክትባት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስለ ተቅማጥና ስለ ሽንት ቤት ተማሩ።

ለእናንተ የቀረ ሥራ

ወገኖች ሆይ! ቡናማ የሆነ ጥርስ አይነጣም። ገና በድድ ውስጥ ያለው የሕፃን ጥርስ ግን ሊድን ይችላል። ዛሬ በመንደራችሁ የተወለደ ልጅ ከፊቱ 8 ዓመት አለው። እርዳታ እስኪመጣ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ለዚያ ልጅ አይበጅም። በዚህ ሳምንት የጉድጓዱን ቁጥር ጠይቁ። ንባብ ቤታችሁ ከተዘጋ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ እወቁ፤ አስከፍቱ። ይህን ጋዜጣ ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደተባለ፣ በአንድ ላይ ከጠየቃችሁ ጽሕፈት ቤቱም፣ እርዳታ ሰጪውም ይሰማችኋል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ስንት የውሃ ጉድጓድ አለ? የስንቱ ፍሎራይድ ተመርምሯል?
2. ውሃ ማፍላት ከምን ያድናል? ከምንስ አያድንም?
3. እርዳታና ብድር ልዩነታቸው ምንድን ነው?
4. እርዳታው በአንድ ዓመት ቢያልቅ፣ በሁለተኛው ዓመት የንባብ ቤቱን በር ማን ይከፍታል? ስሙን ጻፉ።